ቃል ሲያረካክቡ የኖሩት እትዬ ከድጃ

እትዬ ከድጃ አልሞቱም። ይህን በመጀመሪያ የምናገረው፣ በእኛ ዘንድ ስለ ሰው ደግ ደጉን መጻፍ የሚጀመረው የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ስለሆነ ነው። እሳቸው ግን ባለፈው ወር ሁለት ሻንጣና አንድ ጀሪካን ማር ይዘው፣ በወልድያ አድርገው፣ ኮምቦልቻ ሴት ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ትናንት ደወልኩላቸው።

«ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው» አልኳቸው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ጥፋት አይደለም፣ እትዬ። እንዳልረሳዎ ነው።»

«እንግዲያው ስትጨርስ አንብብልኝ። የጎደለውን እነግርሃለሁ።»

የጎደለ እንደሚያገኙ አልጠራጠርም። ሥራቸው እሱ ነበር።

ቢሯችን ሰቆጣ ከገበያው ጀርባ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። የዋግ ኽምራ አርቢ ከብቱ ወይም ፍየሉ ሲታመምበት ይደውልና ድምፁን ይተውልናል፤ ያሻው በአማርኛ፣ ያሻው በኽምጣና፣ ያሻው በትግርኛ። መልእክቱን የሚቀባበሉት ሦስት የኤአይ ኤጀንቶች ናቸው። ኤጀንት ስል ሥራው ለይቶ የተነገረው፣ የድርሻውን ጨርሶ ለሚቀጥለው የሚያስረክብ ፕሮግራም ማለቴ ነው። አንደኛው ድምፁን ሰምቶ በአማርኛ ይጽፋል። ሁለተኛው ጽሑፉን አንብቦ ዋናውን ጉዳይ ይለያል፣ ይቸኩላል አይቸኩልም ይላል። ሦስተኛው የት፣ መቼ፣ ምን ተይዞ እንደሚኬድ የጉዞ ትእዛዝ ያወጣል። ከሦስቱ ቀጥሎ ሞገስ አለ። ሞገስ ሰው ነው። የእንስሳት ሐኪማችን ሲሆን ሞተር ብስክሌት አለው፤ ከፃግብጂ ዳገት እስከ አበርገሌ ቆላ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል።

የእኔ ሥራ ለሦስቱ ትእዛዛቸውን መጻፍ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ማታ ማታ እንደምጽፈው ግጥም ሁሉ ራሴው ለቃቅሜ ነው የያዝኩት።

እትዬ ከድጃ የተቀጠሩት ለሦስት ወር ብቻ ነበር። አንደኛው ኤጀንት ኽምጣና ሲተረጉም ይሳሳት ስለነበር፣ ሦስቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው እንዲያርምለት ተፈለገ። ሱቁ የወንድማቸው ነው፤ ነጋዴ ቤተሰብ ናቸው፤ ሰቆጣ ተወልደው ከሦስቱም ቋንቋ ተናጋሪ ጋር ሲገበያዩ ያደጉ። የመጡ ዕለት አለቃችን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጦ በኩራት አስረዳቸው።

«ይኸኛው ለዚህኛው ያስረክባል፤ ይኸኛው ደግሞ ለዚያኛው።»

«ሲያስረክቡ ማን ያያል?» አሉ።

«ማንም ማየት የለበትም። በራሱ ነው የሚተላለፍ።»

«በራሱ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ በራሱ የሚተላለፍ ነገር ታውቃለህ? እኔ ጉንፋን ብቻ ነው የማውቅ።»

በዚያው ቀን ለሦስቱም ስም አወጡላቸው፤ ጆሮ፣ ወንፊት፣ እግር። አለቃችን ለጥቂት ቀን ተቃወመ። ከዚያ እሱም በስብሰባ ላይ «ወንፊት ዛሬ ዘግይቷል» ማለት ጀመረ።

አጭር፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመዱ ሴት ናቸው። ከግራ ጆሯቸው በላይ ፀጉር የለም ይላሉ፤ ለሃያ ምናምን ዓመት የተጫነ የስልክ ማዳመጫ ነው የፈጀው። ሻሻቸውን ፈትተው ስላላሳዩኝ ቃላቸውን ነው የምቀበለው። በወጣትነታቸው የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ መስመር ለማገናኘት ገመድ በሰሌዳ ላይ በሚሰካበትና በሚነቀልበት ዘመን። መስመሩ ሩቅ አይደርስም ነበርና ከሰቆጣ የተነሣ ቃል ብዙ ጊዜ ከአንዷ ስልከኛ ለሌላዋ በአፍ እየተነገረ ነበር የሚሄደው። ባለጉዳዩ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ለሚቀጥለው ከተማ ስልከኛ ይነግራሉ፤ እሷም ለሚቀጥለው።

«ያኔ ሕጋችን አንድ ነበር» ይሉኛል። «ከወዲያ ያለችው ቃሉን መልሳ ሳትነግርሽ ገመዱን አትነቅዪም። ‹ሰማሁ› ብትልሽ አትነቅዪም። ‹ገባኝ› ብትልሽ አትነቅዪም። መልሰሽ በዪኝ ነው።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«ቃል እጅ በለወጠ ቁጥር ይከሳላ! አራተኛው ሰው ጋ ሲደርስ አጥንቱ ነው የሚቀር።»

ከዚያ ዘመን አንድ ልማድ ቀርቶባቸዋል። ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ከጆሮ ወደ ወንፊት ሲያልፍ ካዩ ግራ እጃቸው ሳያስቡት ከፍ ይላል፤ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ለባጃጅ እንደሚያሳየው። ሞገስ ይቀልድባቸዋል። «እትዬ፣ ኢንተርኔቱን በእጅዎ ያዙት?» ይላቸዋል። «አንተንም በያዝኩህ ነበር፤ መንገድ ላይ የምትበር!» ይሉታል።

ታዲያ እሳቸው ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ እኔ አንድ ማሻሻያ አድርጌ ነበር።

የእኛን አገር ሰው ስልክ የሰማ ያውቀዋል። አራት ደቂቃ ቢያወራ ሦስቱ ሰላምታ ነው። እናንተ እንዴት ናችሁ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ እኛ ደህና ነን፣ ቤቱ ደህና ነው፣ ላሟ ደህና ናት፣ ጎረቤቱ ደህና ነው። እኔ ደግሞ አጭር ነገር እወዳለሁ፤ ከአንድ ስንኝ አንድ ቃል ስፍቅ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ለወንፊት «ሰላምታውን ቁረጥ፤ ጉዳዩን ብቻ አስተላልፍ» ብዬ ጻፍኩለት። ውጤቱ አማረ። ሦስት ገጽ የነበረው ሁለት መስመር ሆነ፤ ሞገስ በሞተሩ ላይ ሆኖ እንኳ ማንበብ ቻለ። አለቃችን በሰው ፊት አመሰገነኝ። እኔም የዋግን ሕዝብ ንግግር ያሳመርኩለት መሰለኝ።

አንድ ማክሰኞ ከአበርገሌ አቶ ኪሮስ የሚባሉ አርቢ በኽምጣና መልእክት ተዉ። ጆሮ ተርጉሞ የጻፈው ይህን ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? ያ በሞተር የሚመጣው ልጅ ደህና ነው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ንግሥቲም ደህና ናት። ልጆቹም ደህና ናቸው። ፍየሎቹም ደህና ናቸው፤ አምስቱ ብቻ አፋቸው ቆሳስሎ፣ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ቅጠል እንቢ አሉ እንጂ፤ ሁለቱ ትናንት ሄዱ፤ ሌላው ደህና ነው። ጎረቤቶቻችንም ደህና ናቸው፤ እዚህ ውኃው ስለደረቀ ቅዳሜ ሁላችንም ፍየሎቻችንን ባንድነት ወደ ወንዝ እናወርዳለን። የደወልኩት ስለ በሬዬ ነው። የኋላ ሰኮናው ተሰንጥቆ ትንሽ ያነክሳል።»

ወንፊት ሰላምታውን ቆረጠ። እግር የሚከተለውን ጻፈ፦ «አበርገሌ። አቶ ኪሮስ። በሬ፤ የኋላ ሰኮና መሰንጠቅ፤ ቀላል። በሚቀጥለው ሳምንት ጉዞ ይካተት።»

አንብቤው ነበር። ጥሩ ነው ብዬም አልፌዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ከድጃ የዚያን መልእክት ትርጉም ሊያርሙ ተቀመጡ። ማዳመጫውን አደረጉ፤ ድምፁን ሰሙ፤ ጆሮ የጻፈውን አነበቡ፤ ቀጥሎ እግር ያወጣውን ትእዛዝ አነበቡ። ግራ እጃቸው ከፍ አለና እዚያው ቀረ።

«ይህን ማን ነው የቆረጠው?»

«ወንፊት።»

«ወንፊትን ማን ቁረጥ አለው?»

ወደ ስክሪኔ አጎነበስኩ።

«አንተ ባለቅኔ! ላንተ ነው የምናገረው።»

«ሰላምታ እኮ ነው፣ እትዬ። ሰላምታ ጉዳይ አይደለም።»

«አይደለም? እሺ። እናትህ ስትደውልልህ መጀመሪያ ምን ትልሃለች?»

«ደህና ነኝ ትለኛለች።»

«ቀጥላስ?»

«ቤቱ ደህና ነው፣ ላሟ ደህና ናት፣ ጉልበቴን ብቻ ትንሽ…»

«ጉልበቷን ምን ሆነች?»

አላውቅም ነበር። እናቴ «ጉልበቴን ብቻ ትንሽ» ማለት ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗት ነበር።

«ስማኝ፣ ልጄ» አሉ፤ አሁን አልተቆጡም። «ደህና ነኝ ያለ ሰው ገና አልጨረሰም። የኛ ሰው መዓቱን በፊት ለፊት አይጠራውም፤ ከጠራው የሚብስበት ይመስለዋል። ደህና ነን በሚለው መሀል ሸጉጦ ያሳልፈዋል። በሬው እኮ ለመደወል ሰበብ ነው።»

ሞገስን ጠርተን የተቆረጠውን አነበብንለት። እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ የክትባት ሣጥኑን ሊያወጣ ሮጠ። ፍየልን መንጋ በመንጋ የሚፈጅ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ እንደሆነ ገብቶታል። ለታመሙት ብዙ የሚደረግ የለም፤ ያልታመሙትን ግን በቶሎ ለይቶ መከተብ ይቻላል። እነዚያ ፍየሎች ቅዳሜ ከጎረቤት ፍየል ጋር አንድ ወንዝ ከወረዱ ግን የሚለይ አይኖርም። ከመንደሩ ሰው ብዙው ከፍየሉ ሌላ ሀብት የለውም።

እትዬ ከድጃ አቶ ኪሮስ ጋ ደወሉ። በኽምጣና ነበር ያወሩት፤ እኔ እንደገባኝ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ሰላምታ ነበር። እናንተ እንዴት ናችሁ፣ ንግሥቲ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? ሞገስ የበረዶ ሣጥኑን ሞተሩ ላይ በላስቲክ አስሮ፣ የራስ ቁሩን አድርጎ፣ በሩ ላይ ቆሟል። «ኧረ እትዬ፣ ቶሎ ይንገሯቸው!» አለ። እጃቸውን አነሡበት። ተራው ሲደርስ ነው የጠየቁት።

«ፍየሎቹስ?»

«ደህና ናቸው፤ ይመስገነው።»

«አፋቸውስ?»

«አፋቸውን ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነዋ!»

«እኔ የነገርኳችሁ ስለ በሬ ነው።»

«ስለ በሬው ደውለህ ስለ ፍየሎቹ ነገርከን። አሁን ስንት ሞቱ?»

«ሰባት» አሉ አቶ ኪሮስ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ሃምሳ አራት ቀሩኝ። ካለነሱ እኔ ምንም የለኝም፣ እቴ።»

«ቅዳሜ እንዳታወርዳቸው።»

«ጥም ይፍጃቸው?»

«ውኃ በአህያ አምጣላቸው። አንተ ካወረድካቸው የጎረቤትህም ያልቃል።»

«ይህን ለጎረቤት ብናገር ምን ሊሉኝ ነው? ኪሮስ በሽታ አመጣብን!»

«ዛሬ ከነገርካቸው፣ ነገረን ይሉሃል። አመጣብን የሚሉህ እሑድ ከሰሙ ነው።»

እትዬ ከድጃ አላጣደፏቸውም። በመጨረሻ አቶ ኪሮስ «እሺ፤ ልጁ ይምጣ» አሉ። ሞገስ ወርዶ የሞተሩን ቁልፍ አዞረ።

ሞገስ አበርገሌ አራት ቀን ቆየ። አቶ ኪሮስ በዚያው ሐሙስ በየቤቱ ዞረው ለጎረቤቶቻቸው ተናግረው ነበርና ሲደርስ የታመመውና ያልታመመው በሁለት በረት ተለይቶ ጠበቀው። ጎረቤቶቹም ቢሆኑ አልሰደቧቸውም፤ እንዲያውም አህያ አበደሯቸው። ከአቶ ኪሮስ ፍየሎች ሰባት ተጨምረው ሞቱ፤ አርባ ሰባቱ ዳኑ። ከጎረቤቶቻቸው መንጋ የሞተ ሁለት ብቻ ነበር። ሞገስ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሎ ሲመለስ «በሬውንም አየሁት፤ ሰኮናው ደህና ነው» አለን።

ሰኞ ዕለት አለቃችን ሰብስቦን ጥፋተኛውን ሊፈልግ ጀመረ። እኔ ራሴን ለማጋለጥ ተዘጋጅቼ ነበር። እትዬ ከድጃ ቀደሙኝ።

«ጆሮ ሁሉን ጽፏል፤ አላጠፋም። ወንፊት የታዘዘውን ቆርጧል፤ አላጠፋም። እግር የተሰጠውን አሳምሮ ጽፏል። ይህ ልጅ ለሐኪሙ ሊያሳጥርለት ነው። ማንም አላጠፋም፤ ፍየሎቹ ግን ሞቱ። ይህ እንዴት ይሆናል?»

አለቃችን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጥፋቱ ያለው በመሀላቸው ነው» አሉ። «ማንም በማይቀመጥበት።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእኔ ሥራ ተለወጠ። እትዬ ከድጃ አጠገቤ ተቀምጠው ይናገራሉ፤ እኔ ለኤጀንቶቹ ትእዛዝ አድርጌ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ሕግ፣ የሚያስረክብ ሁሉ የጣለውን ጭምር እንዲናገር ነው፤ «ይህን አስተላልፌያለሁ፤ ይህን ትቻለሁ፤ የተውኩት ስለዚህ ነው» እንዲል። ሁለተኛው የስልክ ቤቱ ሕግ ነው፤ የተረከበው መልሶ ይናገር፣ ያስረከበው ከሰማው ጋር ያስተያይ።

ስንጀምረው አልተሳካም። ወንፊት ጆሮ የሰጠውን ቃል በቃል መልሶ ይልከው ጀመር፤ ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር።

«ይህ በቀቀን ነው» አሉ። «በራስህ አፍ ተናገር በለው።»

በራሱ አፍ መናገር ሲጀምር ሌላ መጣ። አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሥራው ሁሉ ቆሟል። ከፍቼ ባየው ጆሮና ወንፊት እየተመሰጋገኑ ነው። «ተረክቤያለሁ፤ አመሰግናለሁ» ይላል ወንፊት። «ስላመሰገንከኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላ የምረዳህ አለ?» ይላል ጆሮ። «ለመርዳት ስላሰብክ አመሰግናለሁ።» ገጹን ወደ ታች ብስበው ብስበው አያልቅም። ለእትዬ ከድጃ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ይኸው ሰቆጤ ሆኑልህ! ደጅ ድረስ መሸኛኘት ጀመሩ! አንዱ አንዱን ሸኝቶ፣ ሸኚው ተመልሶ ሲሸኝ ፀሐይ ልትጠልቅባቸው ነው።»

«ምን ላድርጋቸው?»

«ስልክ ቤት፣ ቃሉን የሰጠው ነው የሚዘጋ። አንዱ ይሰጣል። ሌላው መልሶ ይናገራል። የሰጠው ‹ልክ ነው› ይላል፤ ገመዱ ይነቀላል። ሦስት ነው። አራተኛ የለም።»

ሦስት ሆነ። እስከ ዛሬም ሦስት ነው።

ያከራከረን ሦስተኛው ሕግ ነበር። እትዬ ከድጃ «አልተረከብኩም የሚል ቃል ስጣቸው» አሉኝ። የሚጎድል ነገር ያለው መልእክት ሲመጣለት፣ ወንፊትም ይሁን እግር ሥራውን መልሶ ለሰው የመላክ ሥልጣን ይኑረው ማለታቸው ነው። አለቃችን ተቃወመ።

«ሥራው ይቆማል፣ እትዬ ከድጃ።»

«ይቁም። የቆመ ሥራ ይታያል። የማይታየው የጠፋው ነው።»

ቃሉን ሰጠናቸው። ነገር ግን ወራት አለፉ፤ አንዳቸውም አልተጠቀሙበትም። የመጣላቸውን ሁሉ በደስታ ይቀበላሉ። እትዬ ከድጃ ማታ ማታ ወደ ቤት ሲነሡ ይጠይቁኛል።

«ዛሬስ እንቢ ያለ አለ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«ያፍራሉ» ይላሉ፤ ሻሻቸውን እያስተካከሉ። «እኔም ስልክ ቤት ስገባ አፍር ነበር። ሳይሰማኝ ‹ሰማሁ› እል ነበር።»

የሦስት ወሩ ቅጥር ሁለት ዓመት ሞላው። ልጃቸው ከኮምቦልቻ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪ?» «ሥራ አለብኝ» ይሏታል። «ኧረ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል ብለሽኝ አልነበር?» «ይሠራዋል። እንቢ ማለት ነው የማያውቅ።»

ፍጹም ሰው አልነበሩም። ግትር ነበሩ። የጆሮን የትግርኛ ትርጉም ሳይሳሳት ያረሙበት ቀን አለ፤ አንድ ትግርኛ ተናጋሪ ደንበኛ መጥቶ ጆሮ ልክ ነበር ሲላቸው «እንግዲያው የአንተ ሰፈር ትግርኛ ነው» ብለው ተከራከሩት። ምሳ ሰዓት ላይ ሞገስ ተርቦ ከገጠር ሲመለስ የእሳቸውን ምሳ ሰጥተው፣ «እኔ በልቻለሁ» ይሉታል፤ ያልበሉ መሆኑን ደግሞ ለእኔ ይነግሩኛል። «ለእሱ ካልነገሩት ለእኔ ለምን ይነግሩኛል?» ብላቸው «አንድ ሰው ማወቅ አለበት» አሉኝ። ግጥሜን ሳነብላቸው በጥሞና ሰምተው መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «የጣልከው ምንድን ነው?» መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር። ኋላ ግን የጣልኩትን በሌላ ወረቀት እየጻፍኩ ማኖር ጀመርኩ፤ አንዳንዴ ከግጥሙ እሱ ይሻላል።

ባለፈው ወር መጀመሪያ፣ ፀሐዩ በቆርቆሮው ላይ በሚጮህበት አንድ ረፋድ፣ አቶ ኪሮስ ደወሉ። አሁን ወዳጃችን ሆነዋል፤ ለትንሹም ለትልቁም ይደውላሉ። ጉዳያቸው ስለ ጥጃ መዥገር ነበር። ጆሮ ጻፈ፤ ለወንፊት አስረከበ። ወንፊት ግን ለእግር አላሳለፈውም። ስክሪኑ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ቀይ መስመር ወጣ፦

«አልተረከብኩም። ተናጋሪው ልጆቻቸውን፣ በሬውን፣ ፍየሎቹንና ጎረቤቶቻቸውን ደህና ናቸው ብለዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ንግሥቲን አላነሡም። በቀደሙት መልእክቶቻቸው ሁሉ አንሥተዋቸው ነበር። እኔ ያልሰማሁት ነገር ሊኖር ይችላል። እባካችሁ ሰው ይጠይቅ።»

እትዬ ከድጃ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛ እኔ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ከዚያ ስልኩን አነሡ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረዘመ። ልጆቹስ? ደህና። በሬውስ? ደህና።

«ንግሥቲስ?»

እኔና ሞገስ ተያየን።

«ንግሥቲ እዚህ የለችም» አሉ አቶ ኪሮስ። «ሰቆጣ ወጥታለች።»

«ምን ሆና?»

«እሷስ ምንም አልሆነች። ልጃችን ነፍሰ ጡር ነበረች። ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ወሰድናት፤ ንግሥቲም አብራት ሄደች። ሳትገላገል ማውራት ፈራሁ፤ ንግሥቲን ካነሣሁ የት ሄደች ልትሉኝ ነው፤ ስለዚህ ዘለልኳት።»

«አሁንስ?»

«ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የሰማሁት፤ አሁን ነው፤ ገና ለጎረቤት እንኳ አልነገርኩም። ሴት ልጅ ወለደች! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

«ደህና ናቸው? አንድም ‹ብቻ› የለበትም?»

«የለበትም፣ እቴ!» አሉ አቶ ኪሮስ፤ ሳቃቸው ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። «የለበትም!»

እትዬ ከድጃ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ሞገስ ሆስፒታል ሄዶ አራሷን ሊጠይቅ ወጣ፤ እትዬ ከድጃም ከወንድማቸው ሱቅ ለሕፃኗ ለስለስ ያለ ጨርቅ ቆርጠው ላኩ።

ዓርብ ዕለት የሳምንቱን ዘገባ ሳዘጋጅ አለቃችን ከኋላዬ ቆሞ ያነብ ነበር። ያቺን ቀይ መስመር ሲያይ ጣቱን አሳረፈባት።

«ይኼ ስህተት ተብሎ ይመዝገብ» አለ። «ከብት አልታመመም፣ ሰው አልታመመም። ኤጀንቱ ሥራ አቁሞ ግማሽ ሰዓት አባክኗል።»

እጄ ፊደሎቹ ላይ ቆመ። እትዬ ከድጃ ከወንበራቸው ሳይነሡ ተናገሩ።

«ጠይቆ ደህና መሆናቸውን አወቀ። ይህ ስህተት ነው?»

«ደህና መሆናቸውን ማወቅ ለእኛ ምን ይረባናል፣ እትዬ?»

«ታዲያ ይህ ቢሮ የተከፈተው ለምንድን ነው?»

አለቃችንም እናቱ ትዝ ያሉት መሰለኝ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «በል ጻፍ» አለኝ። «ተጠይቀው ደህና ሆነው ተገኝተዋል። እናትም ልጅም።»

እንዳለው ጻፍኩ። ፈረመበት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ከድጃ «አሁን ማፈር ትተዋል» ብለው፣ ወደ ልጃቸው የሚሄዱበትን የወልድያ መኪና ትኬት እንድቆርጥላቸው ላኩኝ።